«ሰጠኋቸው» ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር፦ የአንዲት ጀማሪ ተማሪ የጉዳይ ጥናት

ማስታወሻው የተጻፈው ሜሪላንድ ውስጥ፣ በአንዲት አዛውንት መኖሪያ ቤት፣ ተረኞች በሚረካከቡበት ደብተር ላይ ነው። የጻፈችው አዛውንቷን በቀን ተራ የምትንከባከብ ኢትዮጵያዊት ናት። አሜሪካ ከገባች ዓመት አልሞላትም፤ በሳምንት ሁለት ማታ ለጎልማሶች በሚሰጥ የጀማሪዎች እንግሊዝኛ ክፍል ትማራለች። የአዛውንቷ ሴት ልጅ የሳምንቱን ክኒን በየቀኑ ከፋፍላ በሳጥን ታስቀምጣለች፤ የተንከባካቢዋ ድርሻ በሰዓቱ ማቀበልና የሆነውን መጻፍ ነው። የዚያን ቀን የጻፈችው እንግሊዝኛ፣ በእኛ ፊደል እንደሚነበበው ሲሰፍር፣ ይህ ነው፦

«ሞርኒንግ አይ ጌቭ ዘም ፒል። ዘይ ሴድ ሚ ኖ። አይ ፑት ሂም ኦን ቴብል። አይ ኮልድ ፎር ኸር ዶተር። ሺ ሴድ ሚ ዌይት። አይ ዌይትድ ኸር። አፍተርኑን አይ ጌቭ።»

በአማርኛ ልትል የፈለገችው ደግሞ ይህ ነው፦ «ጠዋት ክኒናቸውን ሰጠኋቸው። እምቢ አሉኝ። ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ለልጃቸው ደወልኩላት። ጠብቂ አለችኝ። ጠበቅኳት። ከሰዓት በኋላ ሰጠኋቸው።»

አማርኛው እንከን የለውም። ማን ለማን ምን እንዳደረገ የሚያጠራጥር አንድም ቦታ የለም። እንግሊዝኛውን ያነበበችው ተቆጣጣሪ ግን ስልክ አንስታ ሦስት ነገር ጠየቀች። ቤቱ ውስጥ ከአዛውንቷ ሌላ ታማሚ አለ ወይ? ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ወንድ ማን ነው? ክኒኑ የተሰጠው አንድ ጊዜ ነው ወይስ ሁለት ጊዜ? ከባዱ ሦስተኛው ነው፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ያንኑ ክኒን በአንድ ቀን ደግሞ ቢወስድ ጉዳት ሊያገኘው ይችላል። ሦስቱም ጥያቄዎች የመነጩት ከአንድ ቦታ ነው፤ ከተሳቢ ተውላጠ ስሞች፣ ማለትም ድርጊቱ የሚያርፍበትን ሰው ወይም ነገር በስሙ ፋንታ ከሚጠሩ ቃላት።

በእንግሊዝኛ ተሳቢ ተውላጠ ስሞች ሰባት ናቸው። «አይ» ሲሳብ «ሚ» ይሆናል፣ «ሂ» «ሂም»፣ «ሺ» «ኸር»፣ «ዊ» «አስ»፣ «ዘይ» «ዘም»፤ «ዩ» እና «ኢት» አይለወጡም። ተማሪዋ ይህን ሰንጠረዥ በቃሏ ታውቀዋለች። ኢትዮጵያ ውስጥ እስከ 8ኛ ክፍል ተምራለች፤ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ሲሰጥ ስለቆየ፣ ሰንጠረዡ ከልጅነቷ አብሯት አለ። ባዶ ቦታ ሙሉ የሚል መልመጃ ሲሰጣትም አትሳሳትም። ታዲያ ደብተሩ ላይ ምን ነካት?

ባዶ ቦታ ሙሉ የሚለው መልመጃ ከባዱን ሥራ ራሱ ሠርቶ ነው የሚሰጣት። መስመሩ «እዚህ ቃል ጎድሏል» ብሎ ይነግራታል፤ የሚቀራት ከሰባቱ አንዱን መምረጥ ነው። ደብተር ላይ በራሷ ስትጽፍ ግን መስመር የሚያሰምርላት የለም። አማርኛ አፉን የፈታ ሰው ችግሩ ምርጫው አይደለም፤ ቦታው ነው። በእኛ ቋንቋ ተሳቢው በግሱ ጭራ ተጣብቆ ስለሚሄድ ራሱን የቻለ ቃል ሆኖ አይታይም። «ሰጠኋቸው» አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው «አይ ጌቭ ኢት ቱ ኸር» አምስት ነው። ተማሪዋ «ጌቭ» ስትል በጭንቅላቷ ውስጥ «ሰጠኋቸው»ን በሙሉ ተናግራለች፤ አንዳች ነገር የቀራት አይመስላትም። ለዚህ ነው ሰባተኛው ዓረፍተ ነገር «አይ ጌቭ» ብሎ አየር ላይ የቀረው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ብቻውን ቢሰማ ለአንድ በጎ ዓላማ ገንዘብ አዋጣሁ ያለች ሊመስለው ይችላል።

እንዲህ ላለች ተማሪ ሰንጠረዡን ደግሞ ማስጠናት ጊዜ ማባከን ነው። መነሳት ያለበት ከአማርኛው ግስ ነው። ሥራው ለስድስት ሳምንታት፣ በየክፍለ ጊዜው 20 ደቂቃ ተሰጥቶት፣ እንዲህ ተሄደ።

መጀመሪያ 24 ካርዶች ተዘጋጁ፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ የአማርኛ ግስ ብቻ ተጻፈ፦ አየሁት፣ አየኋት፣ አየኝ፣ ጠየቅኳቸው፣ ጠየቀችኝ፣ ረዳን፣ ረዳናት እያለ ይቀጥላል። ተማሪዋ ወረቀቷን በአራት ዓምድ ትከፍላለች። አንደኛው ማን፣ ሁለተኛው ምን አደረገ፣ ሦስተኛው ማንን፣ አራተኛው «የተዋጠ ነገር»። «አየኋት» ሲመጣ «ኋ» ውስጥ ያለችው «እኔ» ወደ አንደኛው ዓምድ ትሄዳለች፣ ማየት ወደ ሁለተኛው፣ «-ኣት» ወደ ሦስተኛው። ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ በእንግሊዝኛ ይነበባል፦ «አይ ሶው ኸር»። አራተኛው ዓምድ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፤ «ሰጠኋቸው» ሲመጣ ግን ይሞላል። የአማርኛ ግስ የሚሸከመው የተሳቢ ቅጥያ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ተቀባይዋን ከያዘ ክኒኑ ቦታ ያጣል። ክኒኑ ይዋጣል። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱንም ይጠይቃል።

በዚህ ደረጃ የሚያጋጥመው ስህተት አቅጣጫ መገልበጥ ነው። «አየኝ» ላይ አፍ የለመደው «አይ» ቀድሞ ይወጣና «አይ ሶው ሂም» ይሆናል። መድኃኒቱ «አየሁት» እና «አየኝ»ን፣ «ጠየቅኳት» እና «ጠየቀችኝ»ን ጎን ለጎን አድርጎ ማሠራት ነው። «ረዳን» የሚለው ካርድም ሆን ተብሎ ነው የገባው፤ «እኛ ረዳን» ሲሆን «ን» ባለቤት ነው፣ «እሱ ረዳን» ሲሆን ተሳቢ። ተማሪዋ ይህን ካርድ ስታገኝ ቆም ብላ «ማን?» ብላ መጠየቅ ግድ ይሆንባታል፤ መላ ሥራው የሚፈልገው ልማድም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ «-ኣቸው» መጣ፤ ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደው ይህ ነው።

አዛውንቷ አንድ ሰው ናቸው። በአማርኛ ግን «ሰጠኋቸው፣ እምቢ አሉኝ» ይባልላቸዋል፤ የአክብሮቱ ቅጥያና የብዙ ቁጥሩ ቅጥያ አንድ ነው። ተማሪዋ «-ኣቸው»ን ስታራግፍ ከሰንጠረዡ ያገኘችው «ዘም»ን ነው፤ «አሉ» ደግሞ «ዘይ» ሆነ። ከስሌቱ አንጻር ትክክል ናት። የተገኘው ውጤት ግን ሁለት ታማሚ ነው።

ሕጉ አጭር ነው፦ «-ኣቸው» ባጋጠመ ቁጥር ስንት ሰው እንዳለ ይቆጠር። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ «ዘም»፤ አንድ ከሆነ «ሂም» ወይም «ኸር»። ሕጉን መረዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መቀበሉ ነው የሚያስቸግረው። እናቷን በሚያህሉ ሴት ላይ «ሺ» ማለት በተማሪዋ ጆሮ «እሷ» ማለት ነው፤ «እሷ» ደግሞ ድፍረት ነው። እጇ «ኸር» ለመጻፍ ሲል ይመለሳል። አስተማሪ ይህን እንደ አለማወቅ ቆጥሮ ሰንጠረዡን ደግሞ ቢያስነብብ የሚያተርፈው የለም፤ ተማሪዋ ያወቀችውን ነው የምትሸሸው፣ የምትሸሸውም በጨዋነት ነው። መነገር ያለበት እንግሊዝኛ አክብሮቱን የት እንደሚያስቀምጠው ነው። በተውላጠ ስሙ ውስጥ አያስቀምጠውም፤ ፕሬዚዳንቱም ሕፃኑም «ሂም» ናቸው። አክብሮቱ ያለው «ሚስስ» ብሎ የቤተሰብ ስም በመጥራት፣ «ዉድ ዩ ላይክ» ብሎ በመጠየቅ፣ «ፕሊዝ» በማለትና በድምፅ ቃና ነው። ስለዚህ ለደብተሩ አንድ ልማድ ተበጀ፦ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ በ«ሚስስ» ይጀምር። አክብሮቱ እዚያ ላይ አንድ ጊዜ ከተከፈለ፣ ቀጥሎ የሚመጣው «ኸር» እጅን አያስፈራም። ይህ ትንሽ ነገር ከሰንጠረዥ ሁሉ የበለጠ ሠርቷል።

የአክብሮቱ ቅጥያ ግን ሌላም የደበቀው ሥራ ነበረው፤ የታየውም ዘግይቶ ነው። «ዘም» ወደ «ኸር» ከተስተካከለ በኋላ ማስታወሻው በአዲስ መልክ ተበላሸ። አማርኛው ላይ «አሉኝ» ሲባል አዛውንቷ፣ «አለችኝ» ሲባል ልጃቸው መሆኗ ያለ ስም ይታወቃል። በአክብሮቱ ብቻ ሁለቱ ሴቶች ተለይተዋል። እንግሊዝኛው ላይ ሁለቱም «ሺ»፣ ሁለቱም «ኸር» ናቸው። «ሺ ቶልድ ሚ ቱ ዌይት» ሲባል ጠብቂ ያሉት አዛውንቷ ናቸው ወይስ ልጃቸው? ሰዋስዉ ልክ ሆኖ ትርጉሙ የታወረበት ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚህ የተነሳ ሁለተኛ ልማድ ተጨመረ፦ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሁለት ሴቶች ወይም ሁለት ወንዶች ካሉ፣ ሰው በተቀየረ ቁጥር ስሙ ወይም ዝምድናው ይደገም፤ ተውላጠ ስም የሚገባው ሰውየው ሳይቀየር ሲቀር ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህ ድግግሞሽ ያሰለቸዋል፤ በአማርኛ አያስፈልገውማ። እንግሊዝኛ አንባቢ ግን ያመሰግናል።

«ሂም» የተባለው ክኒን ጉዳይ ቀላል ነው። አማርኛ ለግዑዝ ነገር የተለየ ጾታ የለውም፤ ክኒኑን «አስቀመጥኩት» እንላለን፣ ወንድሜንም «አስቀመጥኩት»። መኪናዋን «ሸጥኳት» የሚልም አለ፤ ያን ሰው «አይ ሶልድ ኸር» ከማለት የሚያግደው የለም። ሕጉ፦ ነፍስ ከሌለው «ኢት»፤ ብዙ ከሆኑ ግን ሰውም ዕቃም «ዘም»። አስቸጋሪው «ኢት» መሆኑን ማወቁ ሳይሆን ጭራሽ አለመርሳቱ ነው። «ቡና ትጠጫለሽ?» ስትባል «አዎ፣ እጠጣለሁ» ትላለች፤ አማርኛው ትክክል ነው። «የስ፣ አይ ድሪንክ» ስትል ግን አልኮል እጠጣለሁ ያለች ይመስላል። እዚህ ላይ ግሶቹን ለሁለት ከፍሎ ማስያዝ ይጠቅማል። «አይ ኖው»፣ «አይ አንደርስታንድ»፣ «አይ ፎርጎት» ብቻቸውን ይቆማሉ። «አይ ላይክ»፣ «አይ ዎንት»፣ «አይ ኒድ»፣ «አይ ቱክ»፣ «አይ ፑት» አይቆሙም፤ «ኢት» ወይም «ዘም» ወይም የዕቃው ስም ካልተከተላቸው ሰሚው ቀሪውን ይጠብቃል። ጀማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በየቀኑ ስለሚሰሙ ሁሉም እንዲሁ የሚቆም ይመስላቸዋል።

ተቃራኒው ስህተትም አለ፤ መደረብ። «ክኒኑን ወሰዱት» ውስጥ ክኒኑም አለ፣ ክኒኑን የሚያመለክት ቅጥያም አለ። ስለዚህ «ሺ ቱክ ኢት ዘ ፒል» ይመጣል። በእንግሊዝኛ ስሙ ካለ ተውላጠ ስሙ የለም፣ ተውላጠ ስሙ ካለ ስሙ የለም። ተማሪዎች ይህን ቶሎ ይይዛሉ፤ ጎልቶ ስለሚታይ ይሆናል።

ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት ለግሶች ዋሉ። ከማስታወሻው ሁለተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ዓረፍተ ነገሮች አንድ በሽታ አላቸው። ነገርኳት፣ አልኳት፣ አዳመጥኳት፣ ጠበቅኳት፣ ተመለከትኳት፤ በአማርኛ አምስቱም የሚያልቁት በአንድ ቅጥያ ነው። እንግሊዝኛ እነዚህን በየፈርጁ ይበትናቸዋል። «ቶልድ ኸር» ያለ ምንም መስተዋድድ ይሄዳል። «ሴድ» ግን «ቱ»ን ይፈልጋል፦ «ሴድ ቱ ኸር»። ማዳመጥም «ሊስንድ ቱ ኸር» ነው። መጠበቅ «ዌይትድ ፎር ኸር»፣ መመልከት «ሉክድ አት ኸር»። ማስረዳት የሚባለው «ኤክስፕሌን» በተለይ ወጥመድ ነው፤ «አስረዳኋት» ከ«ነገርኳት» ጋር መንታ ስለሚመስል «አይ ኤክስፕሌንድ ኸር» ይባላል። ትክክሉ «አይ ኤክስፕሌንድ ኢት ቱ ኸር» ነው፤ የተዋጠውን «ኢት» ያስወጣል፣ «ቱ»ንም ይጠይቃል።

«ደወልኩላት» ደግሞ በተቃራኒው ይሳሳታል። በውስጡ ያለችውን «ል» ተማሪዋ ሰምታ «ፎር» አደረገቻት። «ል» ብዙ ጊዜ በእርግጥ «ፎር» ናት፤ «ከፈትኩላት» «አይ ኦፕንድ ኢት ፎር ኸር» ነው። «ኮልድ» ግን ምንም አይፈልግም፤ «አይ ኮልድ ኸር ዶተር» ብቻ። «ብ»ም እንዲሁ ወጥ አትሄድም፦ «ጮኸችብኝ» «ሺ የልድ አት ሚ» ይሆናል፣ «ብርጭቆው ተሰበረብኝ» ሲባል ግን ያቺ «ብ» በጀማሪ እንግሊዝኛ ቦታ የላትም፣ «ማይ ግላስ ብሮክ» ብሎ ማለፍ ይሻላል።

እነዚህን በሕግ ለማስረዳት መሞከር አይመከርም፤ ሕጉ የለም። የሚሠራው ግሱን ከነተከታዩ እንደ አንድ ቃል መያዝ ነው። በካርዱ ላይ «ዌይት» ብቻ አይጻፍም፤ «ዌይት ፎር ኸር» ተብሎ ከነጭራው ይጻፋል፣ ከነጭራውም ይጠራል። በአንድ ክፍለ ጊዜ ከስድስት ካርድ በላይ መጨመር የቀድሞውን ያደናግራል። ቅደም ተከተሉም ከተማሪዋ ሥራ ይነሳ፦ ሄልፕ፣ ጊቭ፣ ቴል፣ አስክ፣ ኮል፣ ዌይት ፎር። ማግባት ማለት የሆነውን «ሜሪ» የሚለውን ግስ ማስተማር ቢቆይ ደብተሩ ላይ ጉዳት የለውም።

ከመስተዋድድ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር እግረ መንገድ ይነሳ። «ዊዝ ሺ»፣ «ፎር ሂ» የሚሉ ስህተቶች በንግግር ይሰሙ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በአማርኛ «ከእሷ ጋር»፣ «ለእሱ» ስንል «እሷ»ና «እሱ» ቅርጻቸው አይለወጥም። ከመስተዋድድ በኋላ ሁልጊዜ የተሳቢው ቅርጽ ይመጣል ማለቱ በቂ ነው፤ ይህኛው ሕግ ልዩ ሁኔታ የለውም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ጽኑ ስለሆነ ተማሪዎች ይወዱታል።

ሁለት ተውላጠ ስም አንድ ላይ ሲመጣ ቅደም ተከተሉ መያዝ አለበት። ዕቃው በስሙ ከተጠራ «አይ ጌቭ ኸር ዘ ፒል» ይባላል፣ ሰውየው ይቀድማል። ዕቃው «ኢት» ከሆነ ግን ዕቃው ይቀድምና «ቱ» ይገባል፦ «አይ ጌቭ ኢት ቱ ኸር»። «አይ ጌቭ ኸር ኢት» የሚል የእንግሊዝ ተናጋሪ ይገኛል፤ ለአሜሪካ ጆሮ ግን ይጎረብጣል፣ ለጀማሪም አንዱ መንገድ ይበቃል።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ያልታሰበ ነገር ወጣ። ተማሪዋ ስለ ልጆቿ ስትጠየቅ «ማይ ቺልድረን ሚስ ሚ» ትል ነበር። ከክፍሉ መጀመሪያ ጀምሮ ስትለው ማንም አላረማትም፤ ሊታረም የሚችል የሰዋስው ስህተት የለውማ። ነገር ግን ልትል የፈለገችው «ልጆቼ ናፈቁኝ» ነው። እንግሊዝኛው የሚለው «ልጆቼን ናፍቄያቸዋለሁ» ነው። ናፍቆቱ ከእናቲቱ ወጥቶ ወደ ልጆቹ ተገለበጠ። በአማርኛ ናፋቂው ሰው የግሱ ተሳቢ ነው፤ «-ኝ» ላይ ተቀምጧል። በእንግሊዝኛ ናፋቂው ባለቤት ነው፦ «አይ ሚስ ማይ ቺልድረን»፣ «አይ ሚስ ዘም»።

ይህ የአንድ ግስ ጉዳይ አይደለም። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ደከመኝ፣ በረደኝ፣ ገባኝ፣ ጠፋኝ፣ አለኝ፣ ያስፈልገኛል፣ ይመስለኛል፤ አማርኛ በሰውነትና በልብ ላይ የሚደርሰውን ነገር ሰውየውን ተሳቢ አድርጎ ነው የሚናገረው። እንግሊዝኛ በእነዚህ ሁሉ «አይ» ይላል፦ አይ ኤም ሀንግሪ፣ አይ ኤም ታየርድ፣ አይ አንደርስታንድ፣ አይ ሀቭ፣ አይ ኒድ፣ አይ ቲንክ። «ራበኝ»ን ሲተረጉሙ «ሚ ሀንግሪ» የሚሉ ጀማሪዎች ሰነፎች አይደሉም፤ «-ኝ»ን በታማኝነት ነው የተረጎሙት። ስለዚህ የአራቱን ዓምድ ሥራ ስንጀምር የሠራነው ሕግ እዚህ ላይ መገደብ አለበት፤ «-ኝ» ሁሉ «ሚ» አይደለም። እነዚህ ግሶች ከ24ቱ ካርዶች ውጭ፣ በሌላ ቀለም ወረቀት፣ መጀመሪያ የተማሪዋ እጅ በመደበኞቹ ከተፍታታ በኋላ ይግቡ። ቀድመው ከገቡ ዓምዶቹን ያፈርሳሉ። ከእነሱም «ናፈቀኝ» በመጀመሪያ ይሠራ፤ ሌሎቹ ሲሳሳቱ ሰሚው ያውቃል፣ «ሚስ» ሲገለበጥ ግን የሚያውቅ የለም፣ ተናጋሪዋም አታውቅም።

ጽሕፈቱ ሲስተካከል የስልኩ ነገር ቀረ። ተቆጣጣሪዋ ደውላ ትእዛዝ ስትሰጥ ተማሪዋ ተውላጠ ስሞቹን አትሰማቸውም ነበር። የጆሮ ችግር አይደለም፤ በፈጣን ንግግር የ«ሂም»ና የ«ኸር» «ህ» ይወድቃል፣ የ«ዘም» መነሻ ድምፅም ይወድቃል። «ቴል ሂም» ከአፍ ሲወጣ «ቴሊም» ነው፣ «ቴል ዘም» «ቴለም»፣ «ጊቭ ኢት ቱ ኸር» «ጊቪት ቱወር» ወደሚመስል ነገር ይጠጋል። ተሳቢው ልክ እንደ አማርኛው ከግሱ ጭራ ጋር ተጣበቀ ማለት ነው። ይህ ለተማሪዋ ሲነገራት ነገሩ ቀለላት፤ ጭራ መስማት ለእሷ አዲስ ነገር አይደለም። «ቴሊም»ና «ቴለም»ን በፊደላችን ጎን ለጎን ጽፎ ማንበብም ያግዛል፤ «ሊ» እና «ለ» የሚሉት አናባቢዎች በእኛ ጆሮ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚናገር አሜሪካዊ ግን ብዙ ነው። ለዚያ የሚሆነው መጠየቅ ብቻ ነው፤ «ቴል ሁ?» ብሎ ስሙን ማስደገም። የክኒን ጉዳይ ሲሆን ይህ ጥያቄ ነውር የለውም።

ከክፍሉ በተደጋጋሚ የሚነሳ ጥያቄ «ዩ» ለምን አይለወጥም የሚል ነው። ድሮ ይለወጥ ነበር፤ ባለቤቱ «ዪ» ነበር፣ «ዩ» ደግሞ የተሳቢው ቅርጽ። ከዘመን ብዛት ተሳቢው ባለቤቱን ዋጠው። «ዘም»ም ከሰሜን ሰዎች፣ ከቫይኪንጎቹ ቋንቋ የገባ ነው። ይህን ማወቅ የግድ ባይሆንም፣ ሰንጠረዡ ላይ ያለው መዛነፍ የሰው እጅ ሥራ መሆኑን ያሳያል፣ ተማሪንም ያሳርፋል።

በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ተማሪዋ የመጀመሪያውን ማስታወሻ ራሷ እንደገና ጻፈችው፤ አዛውንቷ እዚህ «ሚስስ ኤም» ተብለዋል፦

«አት ኤይት ኦክሎክ አይ ጌቭ ሚስስ ኤም ኸር ፒል። ሺ ቶልድ ሚ ኖ። አይ ፑት ኢት ኦን ዘ ቴብል። አይ ኮልድ ኸር ዶተር። ዘ ዶተር ቶልድ ሚ ቱ ዌይት። አይ ዌይትድ ፎር ኸር። አት ቱ ኦክሎክ አይ ጌቭ ዘ ሴም ፒል ቱ ሚስስ ኤም። ሺ ቱክ ኢት።»

ሰባቱ ዓረፍተ ነገሮች ስምንት ሆኑ። ስምንተኛውን ያመጣው አራተኛው ዓምድ ነው፤ ሰጠች እንጂ መዋጡ አልተጻፈም ነበር። «ዘ ሴም ፒል» የሚለው የራሷ ጭማሪ ነው፤ ተቆጣጣሪዋ በስልክ የጠየቀችውን ሦስተኛ ጥያቄ አልረሳችም። ሰዓቱ «ቱ ኦክሎክ» የሆነው በአሜሪካ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ 8 ሰዓት ቀን መሆኑን ልብ ይሏል፤ ጠዋት ላይ ያለውም «ኤይት» በእኛ 2 ሰዓት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እንዲህ መስታወት ሆነው መገጣጠማቸው በደብተሩ ላይ ሌላ አደጋ ስለሆነ፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ ጠዋት ወይም ከሰዓት መሆኑን እንድትጽፍ ተነግሯታል።

ያልተፈቱ ሁለት ነገሮች ይቀራሉ። አንዱ «ዘ ፒል ሺ ቱክ ኢት» የሚለው ነው፤ «የወሰዱት ክኒን» ሲባል በአማርኛ ክኒኑን የሚያመለክተው ቅጥያ ከግሱ ላይ አይወርድም፣ እንግሊዝኛ ግን «ዘ ፒል ሺ ቱክ» ይልና «ኢት»ን ያባርራል። ሌላው ሁለት ቃል የሆኑት ግሶች ናቸው። ስም ሲሆን «ዌክ አፕ ሚስስ ኤም» ይቻላል፤ ተውላጠ ስም ሲሆን መሐል መግባት አለበት፦ «ዌክ ኸር አፕ»፣ «ተርን ኢት ኦፍ»፣ «ፒክ ዘም አፕ»። ተማሪዋ አሁንም «ዌክ አፕ ኸር» ትላለች። ለሁለተኛው 12 አዲስ ካርዶች ተዘጋጅተዋል፤ በእያንዳንዱ ካርድ መሐል ላይ፣ በሁለቱ ቃላት መካከል፣ በመቀስ የተቆረጠ ቀዳዳ አለ፣ የተውላጠ ስሙ ወረቀት የሚሰካውም እዚያ ነው።